ከረጢቱን የያዘው ሰው

ፓሪስ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1649

ለእትዬ ጁዲት፣

የአንቺንም የባልሽን የቶባያስንም ጤንነት፣ የላሞቹን ሳይቀር እጠይቃለሁ። እኔ አለሁ። ይህን «አለሁ» እንዳለ ውሰጂው፤ ከዚያ በላይ ብጨምርበት ውሸት ይሆናል። ጌታዬና አብረናቸው የተሰደድን አምስት ተከታዮቻቸው የምንኖረው ከአንድ ሻማ ሠሪ ቤት በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሞራ ሽታ ያፍነናል። ጌታዬ ግን ዛሬም ቀጭኗ ሾርባ ስትቀርብ ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ ይቆጣጠራሉ።

በጁላይ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ነው። ሁለት ወር ሙሉ የት ሲዞር እንደከረመ እግዜር ይወቅ። በረጅሙ ጨፌ ዘንድሮ ዕጣ ሳይወጣ ቀረ፣ ሰው ሁሉ በየፊናው ማጭዱን ይዞ ገባ፣ ጠብ ተነሣ፣ ሰው ቆሰለ፣ ሣሩም ግማሹ ተረግጦ ግማሹ በቁሙ በሰበሰ ብለሽኛል። አዘንኩ፤ ግን አልተገረምኩም። የምስለኔ ልጆች ነንና አንቺም ታውቂዋለሽ። አባታችን ሠላሳ ዓመት፣ ከእሱ በኋላ እኔ ዘጠኝ ዓመት፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ በጨፌው ድንጋይ ላይ ቆመን ዐሥራ ሦስቱን የእንጨት ፍሬዎች ከቆዳው ከረጢት አንድ በአንድ አውጥተናል። በየፍሬው ላይ የአንድ ቤት ምልክት አለ፤ ቀድሞ የወጣለት ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ያለውን ክፍል ይወስዳል፣ ቀጣዩ ቀጣዩን። ደረቁ የደረሰው ስቆ፣ ረግረጉ የደረሰው ረግሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጠብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሣሩን ያበቀለው እግዜር ነው፤ ሰላሙ ግን የጌታው ነበር። ንጉሡ አንገታቸው ተቆርጦ ጌታዬም ሲሰደዱ ሰላሙ አብሮ ተሰደደ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ሰዎች የበላይ ገዢ ከሌላቸው ምን እንደሚሆኑ፣ ስለምንስ ተማምለው መብታቸውን ሁሉ ለአንድ እጅ አሳልፈው መስጠት እንደሚገባቸው የሚያስረዳ ነው። እዚህ ያሉት ሊቃውንት ምሳሌያቸውን የሚያመጡት ከጥንት ሮም ወይም ማንም ካላየው ጫካ ነው። እኔ ግን የማውቀው ጨፌ አለኝ። እባክሽ በዝርዝር ጻፊልኝ። ስንት ሰው ነበር? ከመጣላታቸው በፊት ምን ተባባሉ? ቀድሞ የሰነዘረ ማን ነው? የቆሰለውንስ ሰው ስሙን ስለምን ዘለልሽው?

ከረጢቱን ላክልን ላልሽው፣ አዎ፣ እኔ ዘንድ ነው። በፌብሩዋሪ ስንወጣ ይዤው እንድወጣ ጌታዬ አዝዘውኛል። ጥያቄሽን አቀርብላቸዋለሁ።

ወንድምሽ አምብሮዝ


ሄዝልኮት፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1649

አምብሮዝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰችኝ። በሕይወት መኖርህን ማወቄ ደግ ነው። ቶባያስ ሰላምታ አልላከልህም፤ አትቀየመው።

ጥያቄህ ብዙ ነው፤ እኔ ደግሞ እጄ ሥራ በዝቶበታል። ስንት ሰው ነበር ላልከው ዐሥራ አንድ ወንድና እኔ። ምን ተባባሉ ላልከው ይኸው የሰማሁት።

«ይሄ ባለፈው ዓመት የደረሰኝ ክፍል ነው። ዕጣ ካልወጣ ያለው ይጸናል» አለ አንደኛው።

«ዕጣ ካልወጣማ የቀደመ ይወስዳል። እኔ ጤዛው ሳይረግፍ ነው የመጣሁት» አለ ሁለተኛው።

«ማን አለ?»

«ማን ከለከለ?»

ሌላ አልተባባሉም። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ዳኛ ብሆን ለማን እፈርድ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ዳኛው ከነከረጢቱ ፓሪስ ገብቷል።

ቀድሞ የሰነዘረ ማን ነው ላልከው አሁን አልመልስልህም።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም በግልጽ ልንገርህ። ያለኝ ድርቆሽ እስከ ገና አያደርሰኝም። አንዱን በሬ ከወዲሁ አጥቻለሁ። በመጪው ጁላይ ድርሻዬን በሰላም ካላጨድኩ ሁለተኛውም ይሄዳል። በሬ ከሌለ አላርስም፤ ካላረስኩ ከዚህ ቤት እወጣለሁ። ከረጢቱን ላክ። ጌታህ በፓሪስ ሆነው የሄዝልኮትን ሰላም ይጠብቃሉ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከረጢቱ ቆዳ ነው፣ ፍሬዎቹም እንጨት ናቸው፤ ለመንገደኛ አይከብዱም።

ጁዲት


ፓሪስ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1650

እትዬ ጁዲት ሆይ፣

አንዲት አጭር ደብዳቤሽ ካነበብኳቸው ጥራዞች በለጠችብኝ። «ማን አለ?» «ማን ከለከለ?» ይህን እንዳለ መጽሐፌ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ለጌታዬ ወዳጆች ሳነብላቸው አንዱ አጨበጨበ።

አየሽ፣ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚጣላው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ደጋጎች ይሁኑ፣ ሁለቱም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ይሁኑ። በራሳቸው ጉዳይ ግን ሁለቱም ዳኛ ናቸው። ከዚያ አንዱ የሌላውን እጅ ያያል፤ እጁ ማጭድ ይዟል። «ካልቀደምኩት ይቀድመኛል» ይላል። ያኛውም ያንኑ ይላል። መጀመሪያ የሚሰነዝረው እንግዲህ ክፉው ሳይሆን የፈራው ነው። ይህን ፍርሃት የሚያጠፋ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም አብልጠው የሚፈሩት ሦስተኛ ሰው። ያ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ከውሉ በላይ መሆን አለበት። እንደ ሌላው ድርሻ የሚጠብቅ ከሆነ እሱም ከተጣዮቹ አንዱ ነው።

ቶባያስ አኩርፎኛል ማለት ነው? በሠርጋችሁ ዕለት ስለ አፍንጫው የተናገርኩትን ዐሥር ዓመት ሙሉ ይዞብኝ ከሆነ ይቅርታ ጠይቆሃል በይው። ሰላምታ አለመላኩን ከቁም ነገር አልቆጥርበትም። እንዲያውም ይህን ክፍል አንብቢለት፤ ልበ ብሩህ ሰው ነው፣ ይገባዋል።

ስለ ከረጢቱ ጌታዬን ጠየቅኳቸው። «እኔ ባለሁበት ይሁን» አሉ። ምን ላድርግ። ታገሺ። ንጉሡ ወራሽ አላቸው፤ ሁሉም ወደ ቦታው የሚመለስበት ቀን ይመጣል።

ቀድሞ የሰነዘረው ማን እንደሆነ ሳልጽፍ ምዕራፉን ልዘጋ አልቻልኩም። በሁለት ቃል መልሽልኝ።

አምብሮዝ


ሄዝልኮት፣ ማርች 15 ቀን 1650

አምብሮዝ፣

በሁለት ቃል ጠየቅኸኝ። ቶባያስ ኬምፕስተር።

ቀድሞ የሰነዘረው ባሌ ነው። በማጭዱ እጀታ የጃስፐር ዊቶንን ትከሻ መታው። ጃስፐርም ማጭዱን እንደያዘ ዞረ፤ ስለቱ የቶባያስን ባት እስከ አጥንቱ ከፈተው። ጃስፐር ወዲያው ማጭዱን ጥሎ በገዛ ሸሚዙ አሰረለት፤ ይህንንም ጻፍ፣ እውነት ነው። ቁስሉ ሽሮ ነበር፤ በኋላ ግን አመረቀዘ። በሴፕቴምበር በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ሞተ። በኖቬምበር በጻፍኩልህ ጊዜ ከተቀበረ ስድስት ሳምንት አልፎት ነበር።

ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለህ። ባሌ ሞተብኝ ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት ዘረጋሁ፤ «ቀድሞ የሰነዘረ ማን ነው» የምትለው ያንተው ደብዳቤ አጠገቤ ነበረች። ደግሜ አነበብኳት። ከዚያ ስለ ሞቱ ላንተ መንገር አስጠላኝ።

አሁን ደግሞ አንብቢለት ብለህ ልከህልኛል። እንዳልከው ነው፤ ፈርቶ ነው የሰነዘረው። ፊቱን አይቼዋለሁ። በትክክል ጽፈኸዋል። እንደዚህ ትክክል ሆኖ እንደዚህ የሚያናድድ ነገር በሕይወቴ አላነበብኩም።

ዳኛ በዚህ ወር ወደ ከተማ መጥቶ ነበር። ጃስፐርን ጠየቁት፤ የመጣበትን ተከላከለ ብለው ለቀቁት። እኔም ቀርቤ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ቶባያስ ቀደመ አልኩ። በገዛ አፌ። ስመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጃስፐር ከኋላዬ በእግሩ መጣ፤ አልደረሰብኝም፣ አልራቀኝምም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ብዕሬን ላስቀምጥ። በመጽሐፍህ ሰው ያለ ገዢ አይኖርም ትላለህ። እኛ ግን አምና በፌብሩዋሪም በማርችም በኤፕሪልም ያለ ጌታ ኖረናል። አርሰናል፣ ዘርተናል፣ ሕፃን አስጠምቀናል፤ ማንም ማንንም አልነካም። የተጋደልነው የዕጣው ቀን ደርሶ ከረጢቱ ሲታጣ ነው። ከረጢቱን ወስደህ ስታበቃ ያለ ከረጢት መኖር አልቻሉም ብለህ ትጽፍብናለህ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ጁዲት


ፓሪስ፣ ሜይ 9 ቀን 1650

እትዬ፣ እታለም፣

ምን ብዬ ልጀምር። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ስለ አፍንጫው የጻፍኩትን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ። ይቅር በዪኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ይህን ሐዘን ይዘሽ ወጥ መሥራት፣ ላም ማለብ እንደሚኖርብሽ ሳስበው ያንንም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ምዕራፉን ላወጣው ፈለግሁ። አልሆነም። ጽሑፉ ለአታሚው ከተሰጠ ወር አልፎታል፤ ፊደሉ ተለቅሟል። ስም አልጠቀስኩም፤ «አንድ ገበሬ» ነው ያልኩት።

ስለ ከረጢቱ ያልሽኝ ከባድ ነው። የጌታዬን ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት፤ እኔ ታዛዥ ነኝ። አንድ ነገር ግን ተማፅኜ ልንገርሽ። በጁላይ በራሳችሁ ሥልጣን ዕጣ እናውጣ የሚል ሰው ቢነሣ አትግቢበት። ምስለኔ ያልቆመበት ዕጣ ዕጣ አይደለም። በኃይል የሚያጸናው ከሌለ ቃል ባዶ ትንፋሽ ነው፤ የተሸነፈው በማግስቱ ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሳይሆን ሦስት ሰው ትቀብራላችሁ። በተለይ ዊቶን ባለበት። ክፍልሽ ይቅርብሽ፣ ነፍስሽን ጠብቂ።

አምብሮዝ


ሄዝልኮት፣ ኦገስት 2 ቀን 1650

አምብሮዝ፣

ደኅና ነኝ። ድርቆሼ ገብቷል። ይህን ያስቀደምኩት መቼም ወንድሜ ነህና እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አሁን ተቀመጥና አንብብ፤ ደስ አይልህም።

በጁን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሦስት እሑድ ተሰብስበን ሦስቱንም እሑድ ተሰዳድበን ተለያየን። ነገሩ ፍሬዎቹ አልነበሩም፤ መንኮራኩር ሠሪው ሀምፍሬ በአንድ ቀን ከቼሪ እንጨት ጠርቦ አመጣቸው። ከረጢትም ከቀሚሴ ጨርቅ ሰፋሁ። ጭንቁ ማን ይያዘው የሚለው ነበር።

«ቄሱ ይያዙት።»

«ቄሱ የማንን ቢራ እንደሚጠጡ አናውቅምና ነው?»

«ሀምፍሬ ይያዘው እንግዲህ።»

«ሀምፍሬ ጆሮው አይሰማም።»

«ለከረጢት ጆሮ ምን ያደርግለታል?»

«እኔን ነው የምታሙት?» አለ ሀምፍሬ።

አየህ፣ እዚህ ላይ ትዝ አልከኝ፤ አልዋሽህም። አንዱን ሲጠሩ ሌላው ይነሣል። ሁሉም ጎረቤቱን ያውቀዋል፣ ስለሚያውቀውም አያምነውም። በሁሉም መሃል አንድ ሰው ግን ዝም ብሎ ግንዱን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከቶባያስ ወዲህ ጃስፐር በስብሰባ አፉን ከፍቶ አያውቅም። በዚያው ልክ ደግሞ እሱ ባለበት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይፈሩታል። እኔም እፈራዋለሁ።

«ጃስፐር ይያዘው» አልኩ በአራተኛው እሑድ።

«አብደሻል እንዴ ጁዲት?» አለችኝ የሀምፍሬ ሚስት።

«አላበድኩም። ጃስፐር ይያዘው። እንደ ድሮው ግን ያዡ አያውጣልን፤ እያንዳንዳችን በገዛ እጃችን እናውጣ። በፍሬዎቹ ላይም የሰው ምልክት አይኑር፤ የመሬቱ ምልክት ይሁን። እሱ ደግሞ የሚደርሰው እኛ ሁላችን ወስደን ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ነው።»

«የቀረው?» አለ ጃስፐር። ድምፁን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«የቀረው።»

«ረግረጉ ቢቀርስ?»

«ለኛ ሲደርሰን ‹ለምለም ነው› ስትለን አልነበር?»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ለምን እኔ?» አለኝ።

«ሁላችንም የምንፈራው አንተን ነዋ። የምንፈራው እጅ ሁላችንም በምናየው ቦታ ይሁን።»

«እሺ» አለ፤ ከረጢቱን ከእጄ ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ዶሮ የያዘ ይመስል።

ሰኞ ማለዳ በድንጋዩ አጠገብ ተሰለፍን። ጃስፐር ድንጋዩ ላይ አልወጣም፤ አጠገቡ ቆመ። እኔ ሰባተኛዋ ነበርኩ፤ ደረቁ ክፍል ወጣልኝ። የምስለኔ ድርሻ የነበረውን፣ ያንተን ማለቴ ነው፣ ለመንደሩ ኮርማ ሰጠነው። በአንድ ቃል ነው ያለፈው፤ ኮርማው ቢያንስ ሥራውን ጥሎ አልሄደም ተባለ። በመጨረሻ ጃስፐር ከረጢቱን ገለበጠ። ረግረጉ ወደቀ።

ወንድሜ፣ ያንተ መጽሐፍ የተጻፈው ለዚያች ደቂቃ ነው። የሁሉም ማጭድ ትከሻው ላይ ነው። አንዱ ሳል ቢያመልጠው ሁላችን የምንሮጥ ይመስለኝ ነበር። ጃስፐር ፍሬውን እጁ ላይ አገላበጠው። «ረግረጉም ሣር ነው» አለና ጫማውን አውልቆ ወረደ። እስከ ጉልበቱ ሰጠመ።

ማን አስገደደው ትለኛለህ፤ ጥያቄህን ሳትጽፈው አውቄዋለሁ። ምናልባት የሌሎቻችን ማጭዶች ይሆናሉ። ምናልባት ሀፍረት። ምናልባትም በዛፉ ሥር «እሺ» ያለው ራሱ ስለነበር። አላውቅም። አንተም የምታውቀው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን የራሱን ሳይጨርስ የኔን ሊያጭድልኝ መጣ። «ሂድ» አልኩት። ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ አልመለስኩትም። እሱ ሲያጭድ እኔ ስሰበስብ አንድ ቃል ሳንነጋገር ጨረስን። ይቅር አላልኩትም። በሬዬ ግን ይከርማል።

አሁን የኔ ተራ ነው፤ እኔም በአንድ ቃል እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ። የርስቱ ቤት ጠባቂ የነበረችው ሴትዮ ባለፈው ሳምንት አይብ ልትወስድ መጥታ ነበር። ጌታ በወጡበት ማለዳ አብራቸው ነበረች። ስለ ብር ዕቃው አዘዋል፣ ስለ ፈረሶቹ አዘዋል፣ ስለ ውሾቹም አልቅሰዋል አለችኝ። ስለ ከረጢት ግን ቃል አልወጣቸውም አለች። አዝዘውህ ነበር? አዎ ወይም አይደለም በል።

ጁዲት


ፓሪስ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1651

አይደለም።

ሦስት ወር ይህችን ቃል ስሸሻት ከረምኩ። መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ሌላ መልስ ነበር። ዊቶን አንድ ዓመት ቢችል በሦስተኛው ዓመት ምን ያግደዋል፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ረግረጉ ቢደርሰውስ የሚል ዐሥራ አንድ ገጽ ክርክር። ዛሬም ከፊሉን አምንበታለሁ፤ አልደብቅሽም። ግን ዐሥራ አንድ ገጽ የጻፍኩት አንድ ቃል ላለመጻፍ ነው።

ጌታዬ አላዘዙኝም። ጠይቄያቸው «እኔ ባለሁበት ይሁን» አሉ ያልኩሽም የራሴ ፈጠራ ነው። ጠይቄያቸውም አላውቅ። በሄዝልኮት እንዲህ ያለ ከረጢት መኖሩን እንኳ የሚያስታውሱ አይመስለኝም። አንድ ቀን ስለ ጨፌው ሳነሣባቸው «የቱ ጨፌ?» አሉኝ።

በወጣንበት ማለዳ ፈረሱ ተጭኖ ጓዳ ገባሁ። ከረጢቱ በአባታችን ሳጥን ውስጥ ነበር። እንደማይረባ ዕቃ ልተወው ሳጥኑን ዘጋሁ። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ፤ በጁላይ ሌላ ሰው ድንጋዩ ላይ ቆሞ እጁን ሲሰድ፣ ፍሬዎቹ ሲወጡ፣ ሰው ወደየክፍሉ ሲሄድ። እኔ ሳልኖር ምንም ሳይጎድል። ያንን መቻል አቃተኝ፣ ጁዲት። ሳጥኑን መልሼ ከፈትኩት። ከፋሁም አልልሽም፤ ፈራሁ። ማን ቀድሞ እንደሰነዘረ እየደጋገምኩ ጠየቅኩሽ፤ ከሁሉም የቀደምኩት እኔ ነበርኩ።

መጽሐፉ ታትሟል። ይወደዳል። «ገዢው በተወገደ ጊዜ ዕጣው ቆመ» ይላል በሰባ ሁለተኛው ገጽ። ሰዎች ያቺን ገጽ እየጠቀሱ ያመሰግኑኛል፤ ጌታዬም ካባቸውን አውሰውኝ ለሰው አስተዋውቀውኛል። ገዢው ስለሄደ አይደለም የቆመው። ይህን የማውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።

ከረጢቱን ወደ እንግሊዝ በሚሻገር የወይን ነጋዴ እጅ ልኬዋለሁ። ዐሥራ ሦስቱም አሉበት። ባልሽን ሊመልስልሽ አይችልም። የማደርገው ስላጣሁ ነው የላክሁት። ይህን ደብዳቤ የፈለግሽውን አድርጊበት።

አምብሮዝ


ሄዝልኮት፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1651

አምብሮዝ፣

ከረጢቱ በፋሲካ ማግስት ደረሰ። የፈለግሽውን አድርጊበት ያልከውን ደብዳቤ በዛፉ ሥር ለሁሉም አነበብኩት። ልራራልህ እችል ነበር፤ አልራራሁልህም።

ስጨርስ ጃስፐር ተነሥቶ ሄደ። ሀምፍሬ «አምብሮዝ ምን አለ?» አለ፤ ጆሮው ሥር ጮኬ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን አልነገረንም? ድንጋዩ ላይ መቆም ከወደደ ይቁም ነበር፤ ማን ከለከለው?» አለ። እኔ ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለቶባያስ ይሁን ላንተ አልለየሁትም።

የድሮዎቹ ፍሬዎች ለአዲሱ ዕጣ አይሆኑም፤ የሰው ምልክት አለባቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ወሰደ። ጃስፐር የሱን ወንዝ ውስጥ ጣላት። የቶባያስን አንድ ሳምንት በሽርጤ ኪስ ይዣት ዞርኩ፤ አሁን መስኮቱ ላይ ናት። ያንተ ብቻ ከረጢቱ ውስጥ ቀርታለች።

ንዴቴ አልበረደም። ወደፊትም ቶሎ የሚበርድ አይመስለኝም። ስትመጣ እንደ ድሮው ስሜህ አልቀበልህም፤ ከወዲሁ ዕወቀው። «ስትመጣ» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። እዚህ የአንድ ተራ ምስለኔን ፊት አስታውሶ የሚያስር ባለሥልጣን የለም፤ የሚያስታውሱህ እኛ ብቻ ነን። ይህች ወረቀት በጁን ከደረሰችህ ለአጨዳው ትደርሳለህ። ድርሻህን ግን ከኮርማው አንቀማም።

ጃስፐር ዘንድሮ ሌላ ሰው ይያዝ አለ፤ ይዞ የሚኖር ሰው እንዳይኖር በየዓመቱ እንዲዛወር ተስማማን። አንድ እሑድ ብቻ ተሰዳደብንበት። ዘንድሮ ተራው የኔ ሆኗል። እንግዲህ የመጨረሻዋ ፍሬ የኔ ናት፤ ረግረጉ ከቀረም እኔው እገባበታለሁ። ብቻዬን አልችለውም።

ከመጣህ ማጭድ ይዘህ ና። ከረጢቱን እኔ እይዘዋለሁ።

ጁዲት